የታላላቅ ሰዎች ማዕድ፤ ስለ ኢጣልያ ምግብ የተወራውና በመዝገብ የተገኘው

የምግብ ዕቃ በሚሸጥበት መደብር ውስጥ እየተዘዋወረ በቆርቆሮውና በካርቶኑ ላይ የታተመውን የሚያነብ ሰው፣ የኢጣልያ ምግብ ያለ ታላቅ ሰው ስም የማይሸጥ ይመስለዋል። አንደኛው ፒዛ በንግሥት ስም ይጠራል፤ አንደኛው የዶሮ ወጥ ስሙን የወሰደው ናፖሌዎን ድል ካደረገበት መስክ ነው፤ መኮሮኒውን ደግሞ ማርኮ ፖሎ ከቻይና አመጣው ይባላል። ነጋዴ የስምን ዋጋ ያውቃልና ይህን ማድረጉ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ፋክቱሩን ሳያዩ ዕቃ የማይረከቡ ሰዎች ስለ ሆኑ፣ ታላላቅ ሰዎች ስለ ወደዱት ምግብ በሚነገረውም ታሪክ ላይ ይኸንኑ ልማድ ብንሠራበት መልካም መስሎ ታየን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናቀርበው፣ በደብዳቤ፣ በገበያ ማስታወሻና በዕቃ ቆጠራ የተገኘውን ከወሬው ለይተን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከሁሉ ይልቅ በታወቀው እንጀምር። በ1889 የኢጣልያ ንጉሥ ቀዳማዊ ኡምቤርቶና ባለቤታቸው ንግሥት ማርጌሪታ በናፖሊ ከተማ በነበሩ ጊዜ፣ ራፋኤሌ ኤስፖዚቶ የተባለ ፒዛ ጋጋሪ ሦስት ዓይነት ፒዛ አሰናድቶ አቀረበላቸው ይባላል። ከሦስቱም ንግሥቲቱ የወደዱት ቲማቲም፣ ሞዛሬላ የተባለው ለስላሳ አይብና በሶብላ ያለበትን ነው፤ ጋጋሪውም የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ ቀለም የያዘውን ይህን ፒዛ በስማቸው ጠራው ተብሎ ይተረካል። ለነገሩ ምስክር ሆኖ የሚቀርበውም ጁን 11 ቀን 1889 የተጻፈ፣ የአንድ የቤተ መንግሥት ሹም ፊርማ ያለበት የምስጋና ደብዳቤ ነው። በ2014 ግን አንድ ተመራማሪ ባሳተመው ጽሑፍ፣ የደብዳቤው ማኅተም በዘመኑ ከነበረው የቤተ መንግሥቱ ማኅተም ጋር እንደማይስማማ፣ የእጁም ጽሕፈት ያው ሹም ከጻፋቸው ከሌሎች ወረቀቶች ጋር እንደማይመሳሰል አመለከተ። ይህ ማለት ንግሥቲቱ ፒዛ አልቀመሱም ማለት አይደለም። የናፖሊ ሰዎች ግን ሞዛሬላና በሶብላ ያለበትን ፒዛ ከዚያ ቀን አስቀድመው ይበሉት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ደብዳቤው እውነተኛ ሆነም አልሆነም፣ ስሙ በዓለም ገበያ ላይ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይሸጣል።

የማሬንጎ ዶሮ የሚባለው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ናፖሌዎን ጁን 14 ቀን 1800 በሰሜን ኢጣልያ ማሬንጎ በተባለው ስፍራ የኦስትሪያን ጦር ድል ባደረገበት ምሽት፣ ወጥ ቤቱ በአካባቢው ያገኘውን ዶሮ፣ ቲማቲም፣ እንቁላልና የወንዝ ሸርጣን አንድ ላይ ሠርቶ አቀረበለት ይላሉ። ዱናን የተባለው ያ ወጥ ቤት ግን በዚያን ጊዜ ገና ወደ ናፖሌዎን አገልግሎት አልገባም ነበር። በዚያም ላይ ናፖሌዎን ምግቡን በሩብ ሰዓት ጨርሶ የሚነሣ ሰው እንደ ነበር በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ጽፈዋል። ለወጥ ስም የሚያወጣ ሰው አይመስልም።

ስለ ማርኮ ፖሎ ስንጽፍ ግን እኛም ራሳችን ጥቂት መሸማቀቃችን አልቀረም፤ ምክንያቱም ይህ ተረት በሰፊው እንዲነዛ ያደረገው እንደኛው ያለ አንድ የንግድ ጋዜጣ ነው። የአሜሪካ መኮሮኒ ሠሪዎች ማኅበር ልሳን የነበረው «የመኮሮኒ ጆርናል» በኦክቶበር 1929 እትሙ፣ ከማርኮ ፖሎ መርከብ ወርዶ ውሃ ሊቀዳ የሄደ ስፓጌቲ የሚባል መርከበኛ ሊጡ ሲዘጋጅ አይቶ ጥበቡን እንደ ተማረ አድርጎ አንድ ታሪክ አወጣ። ታሪኩ ለሽያጭ ማስታወቂያነት የተጻፈ ሲሆን፣ አንባቢው ሁሉ እንደ እውነት ተቀበለው።

እውነተኛው ሰነድ ደግሞ ከተረቱ ይልቅ ለነጋዴ የሚጥም ነው። አል ኢድሪሲ የተባለው የዐረብ ጂኦግራፊ ሊቅ ለሲሲልያው ንጉሥ ለሮጀር በ1154 በፈጸመው መጽሐፍ፣ በሲሲልያ ደሴት ትራቢያ በምትባል ስፍራ ኢትሪያ የሚሉት ከስንዴ የሚሠራ ደረቅ ምግብ በብዛት እንደሚመረት፣ ወደ ካላብሪያና ወደ ሌሎች የእስላምና የክርስቲያን አገሮችም በመርከብ እየተጫነ እንደሚላክ ገልጿል። ይህ የላኪ ነጋዴ ወሬ እንጂ የወጥ ቤት ወሬ አይደለም። እንደዚሁም በጄኖቫ አንድ ውል ጸሐፊ በፌብሩዋሪ 1279 የአንድ ወታደርን ንብረት ሲቆጥር፣ ከዕቃዎቹ መካከል መኮሮኒ የሞላበት አንድ መያዣ በመዝገቡ ላይ አስፍሮ ይገኛል። ማርኮ ፖሎ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1295 ስለ ሆነ፣ መኮሮኒው አሥራ ስድስት ዓመት ቀድሞት ደርሷል ማለት ነው።

እንግዲህ ወሬውን በዚህ ትተን፣ የሚበሉትን በገዛ እጃቸው ወደ ጻፉት ሰዎች እንለፍ።

ሐውልት ቀራጩና ሠዓሊው ሚኬላንጄሎ ቡዎናሮቲ በ1518 እብነ በረድ ለማውጣት ይደክም በነበረበት ወራት፣ ማርች 18 ቀን በተጻፈ ደብዳቤ ጀርባ ላይ የሦስት ማዕድ ዝርዝር ጻፈ። ወረቀቱ በፍሎሬንስ ከተማ በቤተሰቡ ቤት እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይኖራል። በመጀመሪያው ማዕድ ሁለት ዳቦ፣ አንድ ማድጋ ወይን፣ አንድ ሄሪንግ የተባለ በጨው የተቀመጠ ዓሣና ቶርቴሊ አለ፤ ቶርቴሊ ማለት ውስጡ ልዩ ልዩ ነገር ተሞልቶ የሚቀቀል የሊጥ ምግብ ነው። በሁለተኛው ሰላጣ፣ አራት ዳቦ፣ ሁለት ዓይነት ወይን፣ አንድ ሳህን ስፒናች፣ አራት ትንንሽ ጨዋማ ዓሦችና እንደገና ቶርቴሊ ተጽፏል። በሦስተኛው ስድስት ዳቦ፣ ሁለት የእንስላል ሾርባ፣ አንድ ሄሪንግና ወይን ይገኛል። ከያንዳንዱ ቃል አጠገብም የዕቃውን ሥዕል በጥቂት መስመር ነድፎታል፤ ይህንንም ያደረገው ወደ ገበያ የሚላከው አሽከር ማንበብ ስላልቻለ ነው ብለው የሚገምቱ አሉ። ግምቱ ልክ ከሆነ፣ በሮማ የሲስቲናን ጸሎት ቤት ጣራ የሣለው እጅ የገበያ ትእዛዝም ስሎ ነበር ማለት ነው።

አንባቢ እንደሚያስተውለው በዝርዝሩ ላይ ሥጋ የለም። የዚያ ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 4 ቀን የዋለ ስለ ሆነ፣ ወረቀቱ በዐቢይ ጾም ወራት የተጻፈ ይመስላል። በአገራችን ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያሉ የሚከራከሩ ሁሉ፣ ሚኬላንጄሎ በየትኛው ወገን እንደሚቆም ከዚህ ሊረዱት ይችላሉ። በኋላም በሮማ ሲኖር፣ የወንድሙ ልጅ ሊዮናርዶ ከፍሎሬንስ ማርሶሊኖ የተባለውን አይብና ትሬቢያኖ የተባለውን ነጭ ወይን ይልክለት ነበር፤ የመቀበያው ደብዳቤዎችም ይገኛሉ። ጭነቱ ደረሰ፣ ይህን ያህል ነው፣ እንዲህ ያለ ነው እያለ የሚጽፈው ሁሉ ከመጋዘን ጠባቂ መዝገብ ብዙም አይለይም።

ከኢጣልያ ውጭ ካሉት ታላላቅ ሰዎች መካከል ደግሞ የኢጣልያን ምግብ እንደ ንግድ ሰው የመረመረው ቶማስ ጄፈርሰን ነው። ጄፈርሰን ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት በፓሪስ የአገሩ መልእክተኛ ነበር። በዚያም ሳለ የካሮላይና ሩዝ በፈረንሳይ ገበያ ላይ በኢጣልያ ሩዝ ለምን እንደሚበለጥ ለማወቅ ተነሣ። ልዩነቱ ሩዙን በሚፈትጉበት መሣሪያ ይሆናል ብሎ ገምቶ ስለ ነበር፣ በ1787 የአልፕስን ተራራ በበቅሎ ተሻግሮ ወደ ቶሪኖ፣ ወደ ቬርቼሊ፣ ወደ ኖቫራና ወደ ሚላኖ ወረደ። ሲደርስ ያየው መሣሪያ ግን በካሮላይና ከነበረው ጋር አንድ ዓይነት ሆነ። ልዩነቱ የዘሩ ነበር።

የዚያ አገር ሕግ ደግሞ ያልተፈተገ ሩዝ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ሰው በሞት ይቀጣ ነበር። ጄፈርሰን ለአንድ በቅሎ ነጂ ገንዘብ ሰጥቶ አንድ ጆንያ ወደ ጄኖቫ እንዲያሻግርለት ተዋዋለ፤ ነጂው መድረሱን ግን ስለ ተጠራጠረ የኮቱንና የካፖርቱን ኪስ በሩዝ ሞልቶ ራሱ ይዞ ወጣ። ይህን የምናውቀው ከተረት ሳይሆን እርሱ ራሱ ለወዳጆቹ ከጻፈው ነው። የአንድ መንግሥት መልእክተኛ በኮንትሮባንድ ሥራ ላይ ተሠማርቶ፣ ያንኑም በፊርማው አረጋግጦ ማስቀመጡ ለጉምሩክ ሹማምንት የሚያስገርም ነገር ነው። ዘሩ ወደ ካሮላይና በተላከ ጊዜ ግን ሁሉ አልተደሰተበትም፤ አንድ የዚያ አገር ባለርስት ከእኛ ከተሻለው ሩዝ ጋር ተደባልቆ ያበላሽብናል ብሎ ሥጋቱን ጻፈለት።

በዚያው ጉዞ ላይ ጄፈርሰን በሚላኖ አጠገብ ሮሳኖ በምትባል መንደር ፓርሜዛን የተባለው ደረቅ አይብ ከጧት ጀምሮ ሲሠራ ተቀምጦ ተመልክቶ፣ የሥራውን ተራ አንድ በአንድ ጽፏል። የመኮሮኒ መሣሪያንም በወረቀት ላይ ነድፎ፣ የተመረጠው መኮሮኒ በናፖሊ ሴሞላ ከተባለው ዱቄት እንደሚሠራ በአጠገቡ አስታውሷል። በ1789 ጸሐፊው ዊልያም ሾርት ናፖሊ በሄደ ጊዜ የመኮሮኒ ቅርጽ ማውጫ ገዛለት። በፕሬዚዳንትነቱ ዘመን በፌብሩዋሪ 1802 በቤተ መንግሥቱ ግብዣ ላይ መኮሮኒ በቀረበ ጊዜ፣ ከእንግዶቹ አንዱ የነበሩት የምክር ቤት አባል ቄስ ምናሴ ከትለር በማስታወሻቸው ላይ ምግቡ ሽንኩርት የሞላበት እንደ መሰላቸው፣ ጣዕሙም እንዳልተስማማቸው ጽፈዋል። አዲስ ዕቃ ወደ ገበያ ያስገባ ነጋዴ ሁሉ ይህን ዓይነት ደንበኛ ያውቀዋል።

ይሁንና መኮሮኒውን ጄፈርሰን አሠራው እንጂ አልሠራውም። በፓሪስ የወጥ ቤት ጥበብ ተምሮ የጄፈርሰንን ማዕድ ያሠማመረው ጄምስ ሄሚንግስ የሚባል የራሱ ባሪያ ነበር። ሄሚንግስ ነጻነቱን ያገኘው በ1796 ሲሆን፣ ያውም በፊት በተገባ ውል መሠረት ወንድሙን ፒተርን በቦታው እንዲተካ ካሠለጠነ በኋላ ነው። ከመሄዱ በፊት በወጥ ቤቱ ያለውን የመዳብና የብረት ዕቃ ሁሉ ቆጥሮ በገዛ እጁ የጻፈው ዝርዝር እስከ ዛሬ ይገኛል። ስለ ጄፈርሰን መኮሮኒ ብዙ ተጽፎ ሳለ የሠሪው ስም ለረዥም ዘመን ሳይነሣ መቅረቱ፣ እኛ እንደሚመስለን ከንግሥቲቱ ደብዳቤ ይልቅ የሚያሳዝን ጉድለት ነው።

ከሙዚቀኞች ወገን ሁለቱን እናነሣለን። ጆአኪኖ ሮሲኒ በ1792 በፔዛሮ ተወልዶ በመጨረሻ ዘመኑ በፓሪስ የኖረ ሲሆን፣ መኮሮኒውን በብር መርፌ እየወጋ ውስጡን በዝይ ጉበት ይሞላው ነበር ይባላል። ስለ እርሱ ከሚነገረው ሁሉ ለነጋዴ የሚስማማው ግን ይህ ነው። በፓሪስ ወደ አንድ መደብር ገብቶ የናፖሊ መኮሮኒ ጠየቀ፤ ባለመደብሩም አቀረበለት። ሮሲኒ አየና ይህ የጄኖቫ ነው እንጂ የናፖሊ አይደለም ብሎ ሳይገዛ ወጣ። ገዢው ማን እንደ ሆነ በኋላ በነገሩት ጊዜ ባለመደብሩ፣ ስሙን አላውቀውም፤ ሙዚቃንም እንደ መኮሮኒ የሚያውቅ ከሆነ ግን መልካም ነገር ሳይጽፍ አልቀረም ብሎ መለሰ ይላሉ። ለዚህኛው ፋክቱር ማቅረብ አንችልም። በሞዴና ለሚኖር ቤለንታኒ ለተባለ ሥጋ አዘጋጅ ነጋዴ በ1853 የጻፈው ደብዳቤ ግን ተረት አይደለም፤ በዚያ ደብዳቤ ሮሲኒ ራሱን የፔዛሮ ዝይ መሰል ወፍ፣ ነጋዴውን ደግሞ የሙያው ንስር አድርጎ እያሞገሰ ስለ ተላከለት ዕቃ አመስግኗል።

ጁዜፔ ቬርዲ ከሮሲኒ ይልቅ ቁጥብ፣ በሳንታጋታ የራሱን እርሻ የሚያስተዳድር ባለርስት ነበር። ከሩስያ ቤተ መንግሥት ቴአትር ኦፔራ እንዲጽፍ ታዝዞ በ1861 ወደ ፔቴርስቡርግ ሊሄድ ሲሰናዳ፣ የስንቁን ነገር የያዘችው ባለቤቱ ጁዜፒና ነበረች። በዚያ ለሚቀበላቸው ሰው በጻፈችው ደብዳቤ ላይ፣ በበረዶና በፀጉር ካባ መካከል የቬርዲን ጠባይ በደኅና ለመያዝ ታልያቴሌውና መኮሮኒው እንከን የሌለበት መሆን እንዳለበት አስታውቃለች። ለዚሁ ጉዞ ከታዘዘው መጠጥ ውስጥ 100 ጠርሙስ ለየዕለቱ የሚሆን የቦርዶ ወይን፣ 20 ጠርሙስ የተመረጠ ቦርዶና 20 ጠርሙስ ሻምፓኝ ይገኝበታል። ዘፋኟ በመታመሟ ኦፔራው ለሌላ ጊዜ ተላልፎ የታየው በኖቬምበር 1862 ነው።

ቬርዲ ለወዳጆቹ የሚልከው ስጦታ ደግሞ የአካባቢው ምርት የሆነው በጨው የተዘጋጀ የሳን ሴኮንዶ የአሳማ ወርች ነበር። ይህ ሥጋ በአብዛኞቻችን ማዕድ የማይቀርብ መሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ ከዕቃው ጋር አብሮ የላከውን መመሪያ ማንበብ ግን ይጠቅማል። በ1872 ለዘፋኟ ለቴሬዛ ስቶልስ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጨዉ እንዲወጣለት ለ12 ሰዓት ያህል በለብ ያለ ውሃ እንዲዘፈዘፍ፣ ከዚያም በሌላ ቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ በዝግታ እሳት ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ትልቅ ከሆነም አራት ሰዓት ያህል እንዲቀቀል፣ መብሰሉ በጥርስ መጎርጎሪያ ተወግቶ እንዲፈተንና በገዛ መረቁ ውስጥ እንዲበርድ አዝዟል። መጎርጎሪያውን በአገራችን እስከ ዛሬ በኢጣልያንኛ ስሙ ስቴኪኒ እንለዋለን፤ መኮሮኒ፣ ስጎና ፉርኖ ብለን እንደምንናገረው ሁሉ። ዕቃ ሲልክ አጠቃቀሙን ጨምሮ የሚጽፍ ላኪ በቬርዲ ዘመንም ብዙ አልነበረም።

የቀረን ፓርሜዛን ነው፤ ከዚህ ሁሉ ምግብ ውስጥ በገንዘብ በኩል ረዥሙን መንገድ የተጓዘው እርሱ ነውና። በሴፕቴምበር 1666 ታላቁ የሎንዶን እሳት ወደ ቤቱ በተቃረበ ጊዜ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባለሥልጣን የነበረው ሳሙኤል ፒፕስ ጉድጓድ አስቆፍሮ ወይኑንና የፓርማ አይቡን እንደ ቀበረ በዕለት ማስታወሻው ላይ ጽፏል። ከእሳት ሊያድኑት የሚገባ ሀብት መሆኑን ፒፕስ ያውቅ ነበር።

ስሙንም የመጠበቅ ሥራ የቆየ ነው። የፓርማ መስፍን ራኑቾ ፋርኔዜ በ1612 የአይቡ ስም ለየትኛው አካባቢ ምርት እንደሚገባ የሚወስን ሰነድ አጸደቀ። የሠሪዎቹ ማኅበር በ1934 ተቋቋመ። በ1996 ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ተጠበቀ። ከጥቂት ዘመን በኋላ የኅብረቱ ኮሚሽን፣ በሌላ አገር የተሠራ አይብ «ፓርሜዛን» እየተባለ ሲሸጥ ዝም ብላለች በማለት ጀርመንን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2008 በሰጠው ፍርድ፣ ቃሉ በገዢው አሳብ ውስጥ የተጠበቀውን ስም የሚቀሰቅስ መሆኑን ተቀበለ፤ ጀርመን በራሷ ተነሣሽነት የመክሰስ ግዴታ እንዳለባት ግን አልተረጋገጠም ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው። ስሙ የባለቤቶቹ መሆኑ ታወቀ፤ አስከባሪነቱም ለእነርሱ ተረፈ። የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስም በአሜሪካ ለማስመዝገብ በ2005 የተጀመረውንና በ2007 ከአንድ ትልቅ የቡና ኩባንያ ጋር በስምምነት ያለቀውን ክርክር የሚያስታውሱ አንባቢዎቻችን፣ ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳደከመ አይጠፋቸውም።

ፒፕስ ጉድጓድ የቆፈረለት አይብ ዛሬ ባንክ ውስጥ ይገባል። ከ1953 ጀምሮ በኤሚልያ አውራጃ የሚገኝ አንድ ባንክ ለአይብ ሠሪዎች ገንዘብ ሲያበድር አይቡን ራሱን በመያዣነት ይቀበላል። አንዱ ሙሉ አይብ 40 ኪሎ ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ ለመሠራት ከ500 ሊትር በላይ ወተት ይፈልጋል። ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ 12 ወር፣ ብዙውን ጊዜም 24 ወርና ከዚያ በላይ መቀመጥ ስላለበት፣ ሠሪው ገንዘቡ ታስሮበት ይቆያል። በዚህም ጊዜ አይቡ ባንኩ ባሠራው መጋዘን፣ የሠሪው መለያና የተሠራበት ወር በቅርፊቱ ላይ ታትሞበት፣ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሠራተኞቹ እየገለበጡና እየወለወሉ ይጠብቁታል፤ በትንሽ መዶሻም እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ውስጡ የተሰነጠቀ ወይም አየር የያዘ እንደ ሆነ ከድምፁ ይታወቃልና። ተበዳሪው ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ባንኩ አይቡን አውጥቶ ይሸጠዋል። የማንም ንጉሥ ወይም ንግሥት ደብዳቤ አይጠየቅበትም።